በግቢ የሚወርድ ሞተር፦ ከቮልስዋገን ኮምቢ ጋር ትውውቅ

ሞተር ማውረድ ሲባል ብዙ ባለመኪና ልቡ ይርዳል። ጋራዥ ደጅ መጥናት፣ በሰንሰለት የሚጎተት ማንሻ፣ የሣምንት ቆይታና ከባድ ወጪ ይታዩታል። ለአብዛኛው መኪና ስጋቱ ተገቢ ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያለው አሮጌው ቮልስዋገን ኮምቢ ግን ከዚህ ይለያል። ሥራውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ጠንካራ ክሪክ፣ ካቫሌቶና ጥቂት መፍቻዎች ካሏቸው ግቢ ውስጥ በግማሽ ቀን ሞተሩን መሬት ላይ ማሳረፍ ይችላሉ። ጉልበት ስላላቸው አይደለም፤ መኪናው ሲነደፍ ሞተሩ በቀላሉ እንዲወጣ ሆኖ ስለተነደፈ ነው።

የኮምቢ ሐሳብ የመጣው ከአንድ የኔዘርላንድ መኪና አስመጪ ነው። ቤን ፖን ቮልፍስቡርግ የሚገኘውን የቮልስዋገን ፋብሪካ ሲጎበኝ ሠራተኞች በቮልስ ዕቃዎች የገጣጠሙትን የዕቃ ማመላለሻ አየ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1947 ማስታወሻው ላይ ሣጥን የሚመስል መኪና ነደፈ፤ ሹፌሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ፣ ጭነቱ ከመካከል። ምርቱ እ.ኤ.አ. በማርች 1950 ተጀመረ። የመጀመሪያው ሞተር 1131 ሲ.ሲ. ሲሆን ጉልበቱ 25 የፈረስ ጉልበት ነበር። ብራዚል ኮምቢን እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ ስታመርት ቆይታለች፤ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ግን እዚያም በ2005 መጨረሻ በውኃ በሚቀዘቅዝ ተተካ።

ይህ ሞተር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች የምናየው ቮልስ የሚነዳው በዚሁ ቤተሰብ ሞተር ነው። የቮልስን ሞተር የፈታ መካኒክ የኮምቢውን አይቶ አይደናገርም። እ.ኤ.አ. ከ1972 ሞዴል ጀምሮ በአንዳንድ ኮምቢዎች የተገጠመው 1700 ሲ.ሲ.ና ከዚያ በላይ የሆነው ሞተር ከበድ ስለሚልና አሠራሩም ስለሚለይ፣ እዚህ የሚነገረው ስለ ቀድሞው ነው።

የሞተሩ አሠራር የማውረዱን ቅለት ያስረዳል። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ተጋድመው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ራዲያተር የለም፤ ውኃም የውኃ ቱቦም የለም። ከዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ የተገጠመው ማራገቢያ በላሜራ ሽፋን ውስጥ አየር እየነዳ ክንፍ ክንፍ ያላቸውን ሲሊንደሮች ያቀዘቅዛል። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የምታዞረው አንዲት ቺንጊያ ናት። ስለዚህ ቺንጊያዋ ከተበጠሰች የዲናሞው መብራት ይበራል፣ ማቀዝቀዣውም በዚያው ቅጽበት ይቆማል፤ ሹፌሩ ወዲያው ሞተሩን ማጥፋት አለበት። የሞተሩ አካል ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ በመሆኑ ክብደቱ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘውም በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ያሉት ኮምቢዎች በተጨማሪ ሞተሩን ከኋላ የሚሸከም ብረት አላቸው።

ሥራው የሚጀምረው ከጥንቃቄ ነው። መኪናው ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ የፊት ጎማዎች ታኮ ይደረግባቸው። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ የተነሳውን መኪና የሚሸከመው ካቫሌቶ ነው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፤ ባትሪው እዚያው ሞተሩ ክፍል ውስጥ ስላለ መፍቻ ነክቶ ብልጭታ ሊያስነሳ ይችላል። የነዳጅ ታንኩ ደግሞ ከካምቢዮው በላይ ነው። የቤንዚን ቱቦው ሲነቀል ነዳጁ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ አስቀድሞ ታንቆ መደፈን አለበት። በአጠገብ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይኑር፤ የተቀጣጠለ ማግኒዥየም ላይ ውኃ ማፍሰስ እሳቱን ያባብሰዋልና።

ቀጥሎ ሞተሩን ከመኪናው ጋር የሚያገናኙት ነገሮች በተራ ይነቀላሉ። የአየር ማጣሪያው ይነሳል። የዲናሞው፣ የቦቢናው፣ የካርቡራቶሩና የዘይት ግፊት መለኪያው ሽቦዎች ከመነቀላቸው በፊት ምልክት ይደረግባቸዋል። የነዳጅ ፔዳሉ ገመድ ከካርቡራቶሩ ተፈትቶ በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ካለው ቀጭን ቱቦ ወደ ፊት ይሳባል፤ ይህን የረሳ ሰው ገመዱን አጣሞ ወይም በጥሶ ይጸጸታል። ከሥር ደግሞ የካቢኑ ማሞቂያ ቱቦዎችና ገመዶች አሉ። ከኋላ ያለው ላሜራም ይፈታል።

አሁን የቀሩት ቡሎኖቹ ናቸው። ዳዶዎቹ ባለ 17 መፍቻ ይፈልጋሉ። በመጀመሪያ ካምቢዮው ከሥሩ ድጋፍ ይደረግለታል፤ ሞተሩ ሲለየው ወደ ታች እንዳያዘነብል። ክሪኩ ከሞተሩ ሥር፣ በመካከሉ ሰፊ ጣውላ ተደርጎ ክብደቱን ይቀበላል። የታችኞቹ ሁለት ዳዶዎች ይፈታሉ፤ ቀጥሎ የላይኞቹ። አንደኛው የላይ ቡሎን ሞቶሪኖውንም አብሮ የሚይዝ ነው። ሌላው ከማራገቢያው ሽፋን በስተጀርባ ተሸሽጎ ስለሚገኝ በዐይን አይታይም፤ በእጅ ተዳብሶ ነው የሚገኘው። ከኋላ የሚሸከም ብረት ካለ እርሱ በመጨረሻ ይፈታል።

በዚህ ጊዜ መቸኮል ጉዳት ያመጣል። ከካምቢዮው የወጣ ዘንግ በፍሪሲዮኑ መሃል አልፎ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ ደረጃውን እንደጠበቀ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ካልተሳበ ክብደቱ በዚያ ዘንግ ላይ ይንጠለጠልና የፍሪሲዮኑን ሸራ ያበላሻል፤ ዘንጉንም ሊያጣምመው ይችላል። አንዱ ክሪኩን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ሌላው ሞተሩን ቀኝና ግራ በቀስታ እያወዛወዘ ይስባሉ። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን በዐይን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ሞተሩ ይወርዳል፤ በኋላ መከላከያው ሥር እንዲያልፍም መኪናው ከፍ ይደረጋል።

ሞተር የማውረድ ጥቅሙ ከዚህ በኋላ ነው የሚታየው። ወርዶ የማያውቅ ሞተር ውስጡን አይናገርም፤ የወረደው ግን ሁሉንም ያሳያል። የፍሪሲዮኑ ሸራ ስንት እንደቀረው፣ ኩሽኔታው ይንጫጫ እንደሆነ፣ የቮላኖው ፓራዮሊ ዘይት ያፈስ እንደሆነ ይታያል። ቮላኖው ተፈትቶ ፓራዮሊው ከተቀየረ፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያደርገው እንቅስቃሴም ይለካ፤ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ቮላኖውን የሚይዘው ባለ 36 ዳዶ በ343 ኒውተን ሜትር መታሰር ስላለበት በግምት የሚታሰር አይደለም። የማሞቂያው ሣጥኖች በጭስ ማውጫው ዙሪያ የተሠሩ ስለሆኑ ስንጥቅ ካላቸው የተቃጠለውን ጭስ ወደ ካቢኑ ያስገባሉ፤ ይህ ጭስ ሽታው ሳይታወቅ ሰው ይገድላልና የተሰነጠቀ ሣጥን መልሶ መግጠም አይገባም። የቤንዚን ቱቦዎችም በሙሉ የሚቀየሩት አሁን ነው። የእነዚህ መኪኖች እሳት በአብዛኛው የሚነሳው ደርቆ ከተሰነጠቀ ቱቦ ነው።

መልሶ ሲገጠም ሁሉም ነገር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። የፍሪሲዮኑ ሸራ ከመታሰሩ በፊት በትክክል መሃል ይያዝ፤ የዘንጉ ጥርሶች ትንሽ ግራሶ ይቀቡ። ጥርሶቹ አልገጥም ካሉ መኪናው ማርሽ ውስጥ ገብቶ የሞተሩን ፑሌጃ ትንሽ ማዞር ነው እንጂ በቡሎን ጎትቶ ለማስገባት መሞከር የካምቢዮውን አካል ይሰነጥቃል። አራቱ ዳዶዎች 30 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። ላሜራዎቹና በሞተሩ ክፍል ዙሪያ ያለው የጎማ ማሸጊያ ለብዙዎች ለውበት የተደረጉ ይመስላሉ። ሥራቸው ግን ከሥር ያለው ትኩስ አየር ወደ ማራገቢያው ተመልሶ እንዳይሳብ መከልከል ነው። እነርሱን ጥሎ የሚነዳ ሰው ሞተሩን ቀስ በቀስ ያቃጥላል። ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው፤ የቫልቮላው ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ይደረጋል፤ የፍሪሲዮን ፔዳሉም ከመያዙ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነጻ እንቅስቃሴ ይኑረው። ሞተሩ ሲነሳ የዘይቱ መብራት በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ።

የቮልስ ባለቤት ለሆኑት የሚለየው ጥቂት ነው። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ የነዳጅ ታንኩ ደግሞ ከፊት ነው። ሞተሩ የሚንጠለጠለው በአራቱ ቡሎኖች ብቻ ስለሆነ ክሪኩ ከሥሩ ሳይገባ አንዱም ቡሎን መፈታት የለበትም። የቀረው ሁሉ አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆን ሙር መካኒክ ላልሆኑ ሰዎች የጻፈው የቮልስዋገን ጥገና መጽሐፍ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ባለመኪናዎችን ሞተራቸውን ራሳቸው እንዲያወርዱ አድርጓል። መጽሐፉ የተሳካለት መኪናው ስለፈቀደለት ነው። ዛሬ ብዙ መኪኖች ያለ ኮምፒውተርና ያለ ልዩ መሣሪያ አይከፈቱም፤ ባለቤቱ የሚነዳው ቢሆንም የሚያውቀው አይደለም። ኮምቢና ቮልስ ግን ለመፈታት የተሠሩ ናቸው። አዲስ መኪና ውድ በሆነበት፣ ዕቃ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ዋጋ አለው፤ መኪናውን በመንገድ ላይ የሚያቆየው የባለቤቱና የመካኒኩ እጅ ነውና። ቮልስ ያለው ወጣት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሚያውቅ መካኒክ ጎን ቆሞ ሞተሩ ሲወርድ ይይ፣ መፍቻውንም ይያዝ። ከዚያ በኋላ የሚከፍልበትን ሥራ ያውቃል፤ የሚሰማውን ድምፅ ይለያል፤ መኪናውም ዕድሜ ያገኛል።