የቤት ኢንተርኔትን ፍጥነት ስለ ማስቀነስ

የአንድ ቤተሰብ ገቢ ሲቀንስ ወይም የዕቃ ዋጋ ሲወደድ፣ በመጀመሪያ ዐይን የሚጣለው በየወሩ በሚከፈሉት ሒሳቦች ላይ ነው። ከእህሉና ከቤት ኪራዩ ላይ መቀነስ ስለሚያስቸግር፣ የኢንተርኔት ክፍያ ቶሎ ለመቆረጥ የተዘጋጀ መስሎ ይታያል። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነበር፤ ያን ጊዜ የጥቂቶች መገልገያ የነበረው ነገር ዛሬ በብዙ ቤት ከመብራትና ከውሃ ሒሳብ ጋር አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ ፍጥነቱን አስቀንሶ ገንዘብ ማዳን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በግምት ሳይሆን በስሌት መመለስ ይኖርበታል።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ቤተሰብን በሐሳባችሁ ሣሉ። አባት በዚህ ዓመት ጡረታ ወጥተዋል። ታላቂቱ ልጅ የሕንፃ ንድፍ እየሠራች፣ የሠራችውን ከቤቷ ሆና ለመሥሪያ ቤቷ በኢንተርኔት ትልካለች። ታናሽ ወንድሟ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን፣ ማታ ማታ የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት በቪዲዮ ይከታተላል። እናት በበኩላቸው ሪያድ ሄዳ በሥራ ላይ ያለችውን መካከለኛ ልጃቸውን ዘወትር እሑድ ማታ ፊቷን እያዩ ያነጋግራሉ። ቤተሰቡ የሚከፍለው በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት ለሚያስተላልፍ መስመር ነው እንበል። አባት ይህን ወደ 6 ዝቅ ለማድረግ አስበዋል። ልዩነቱ በወር 400 ብር ቢሆን በዓመት 4,800 ብር ይተርፋል፤ ይህም ለጡረተኛ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። እናት ግን፣ «የልጄን ፊት ማየት ሊቀርብኝ ነው» ብለው ሠግተዋል። እንግዲህ ሥጋታቸው መሠረት ያለው መሆን አለመሆኑን እንመርምር።

በቅድሚያ የቁጥሩን ትርጉም መረዳት ያሻል። የመስመር ፍጥነት የሚለካው በቢት ሲሆን፣ በኮምፒዩተርና በስልክ ላይ የሚቀመጥ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ ግን የሚለካው በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለሆነም በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ መስመር በአንድ ሴኮንድ የሚያመጣው 1.25 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት 1,000 ሜጋ ባይት የሚመዝን ቪዲዮ ለማውረድ 800 ሴኮንድ፣ ይኸውም 13 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይፈጃል። መስመሩ ወደ 6 ሜጋ ቢት ዝቅ ቢል፣ ያው ቪዲዮ 22 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ብዙ ሰዎች ቢትንና ባይትን ባለመለየታቸው የተታለሉ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን የመለኪያ ጉዳይ እንጂ የማታለል ጉዳይ አይደለም።

ፍጥነትንና መጠንንም መለየት ያስፈልጋል። ፍጥነት የቧንቧውን ስፋት ይመስላል፤ መጠን ደግሞ በበርሜሉ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ። የሞባይል ጥቅል ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በመጠን በመሆኑ፣ ሲያልቅ ይቆማል። የቤት መስመር በአብዛኛው የሚሸጠው በፍጥነት ስለሆነ፣ ወሩ እስኪያልቅ ድረስ ውሃው አይቋረጥም፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ከቀዳ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀጥናል።

አሁን የቤተሰቡን ፍላጎት እንደምረው። መደመር ያለበት የቀኑ ሁሉ አጠቃቀም ሳይሆን ሁሉም በአንድነት የሚጠቀሙባት ሰዓት ናት፤ በዚህ ቤት ይህች ሰዓት እሑድ ከራት በኋላ ነች። በዩቲዩብ ላይ ባለ 1080 ጥራት ቪዲዮ ለማየት በሴኮንድ 5 ሜጋ ቢት፣ ለባለ 720 ጥራት 2.5፣ ለባለ 480 ጥራት ደግሞ 1.1 ገደማ ይበቃል። የሁለት ሰዎች የቪዲዮ ንግግር 1 ሜጋ ቢት ያህል ካገኘ በደኅና ይካሄዳል። አባት በቴሌቪዥኑ ባለ 1080፣ ልጁ ባለ 720 ጥራት ቢመለከቱና እናት ሪያድን ቢያነጋግሩ፣ ድምሩ 8.5 ይሆናል። ይህ በ10 ውስጥ ይገባል፤ በ6 ውስጥ አይገባም። ነገር ግን የቴሌቪዥኑ ጥራት ወደ 480 ዝቅ ቢደረግ ድምሩ 4.6 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከ400 ብሩ ጋር የሚለዋወጠው የእናት እሑድ ሳይሆን የአባት የእግር ኳስ ጨዋታ ጥራት ነው ማለት ይቻላል። ይህን አባት ቢሰሙ ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል!

ከዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መጠቆም ተገቢ ነው። በየቤቱ አገልግሎቱን በሙሉ «ዋይፋይ» ብለን እንጠራዋለን። በእውነቱ ግን ዋይፋይ ከራውተሩ እስከ ስልካችን ድረስ ያለችው አጭር መንገድ ብቻ ናት። የሲሚንቶ ግድግዳ፣ የብረት በርና ርቀት ይህችን መንገድ ያደክሟታል። ራውተሩ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጦ ልጁ በጓዳ ክፍል ውስጥ ቢያጠና፣ መስመሩ 10ም ሆነ 50 ቪዲዮው ይቆራረጥበታል። እንዲህ ባለው ጊዜ ፍጥነት መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ራውተሩን ወደ ቤቱ መካከልና ወደ ከፍታ ማዛወር ግን ምንም አያስከፍልም። የመስመሩን ትክክለኛ ፍጥነት ለማወቅ ኮምፒዩተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ፣ ሌሎቹን መሣሪያዎች አጥፍቶ፣ ጠዋትም ማታም ለአንድ ሳምንት ለክቶ በደብተር መመዝገብ ነው። 10 የሚከፈልበት መስመር ዘወትር ማታ 6 ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ከተገኘ፣ ቤተሰቡ ሳያውቀው በ6 ሲኖር ከርሟል ማለት ነው። ይህ የመስመሩ ብልሽት ሊሆን ስለሚችልም አስቀድሞ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ይገባል።

ውል ከማስለወጥ በፊት መሞከርም ይቻላል። አንዳንድ ራውተሮች የፍጥነት ጣሪያ እንዲወሰንላቸው ያስችላሉ። ጣሪያውን 6 አድርጎ ለሁለት ሳምንት መኖር፣ ቢያንስ ሁለት እሑዶችን ስለሚያካትት፣ ከማናቸውም ክርክር የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል። ራውተሩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ የቪዲዮዎቹን ጥራት በእጅ ዝቅ አድርጎ ማየት ይጠጋጋዋል። በሙከራው ወቅት በተለይ ሊታይ የሚገባው የቤተሰቡ አባላት የሞባይል ጥቅል መግዛት መጀመር አለመጀመራቸው ነው። ልጁ መስመሩ ተንቀራፈፈ ብሎ በሳምንት የ100 ብር ጥቅል ቢገዛ፣ ተረፈ የተባለው 400 ብር በሌላ ኪስ ወጣ ማለት ነው።

የታላቂቱ ልጅ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። እስካሁን የቆጠርነው ወደ ቤት የሚገባውን ነው፤ እርስዋ ግን የምትልክ ናት። በአንዳንድ መስመሮች የመላኪያው ፍጥነት ከመቀበያው በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ 10ም ሆነ 6 የሚለው ቁጥር እርስዋን አይመለከትም ይሆናል። ንድፎቿን ሌሎች ከተኙ በኋላ ብትልክ የእናቷ ንግግር አይደናቀፍም፤ መሥሪያ ቤቷ በቀን የሚፈልጋቸው ከሆነ ግን የመላኪያው ፍጥነት መቀነስ እንጀራዋን ሊነካ ይችላል። የእርስዋ ደመወዝ የቤቱ ዋና ገቢ በሆነበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ከ400 ብሩ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው።

ስለዚህ አባት ወደ አገልግሎት መስጫው ሲሄዱ ሦስት ጥያቄዎች ይዘው ይሂዱ፦ በአዲሱ ውል የመላኪያው ፍጥነት ስንት ነው? ለለውጡ የሚከፈል ነገር አለ? ነገሩ ባይስማማ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ምን ያስፈልጋል? የመጀመሪያው መልስ ለልጃቸው ሥራ የማይበቃ ከሆነ ሳይፈርሙ ይመለሱ፤ የሚበቃ ከሆነና ሁለቱ የሙከራ እሑዶችም በሰላም ካለፉ ይፈርሙ።