ተለዋዋጭ መጫወቻ እንዴት ይገመታል

በእንፍራንዝ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ከውጭ አገር ለልጁ የተላከውን፥ የጭነት መኪናም ሰውም የሚሆነውን መጫወቻ ዋጋው እንዳይጎድል በሣጥን ቈልፎበት ልጁ ሲያለቅስ ደረስን። እንድንገምተውም ለመነን።

መጫወቻው ኦፕቲመስ ፕራይም የሚባለው ነው። የጃፓኑ ታካራ የሠራውን የአሜሪካው ሀስብሮ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ትራንስፎርመርስ ብሎ መሸጥ ጀመረ። ሰብሳቢዎች የሚመረምሩት መጋጠሚያው አለመላላቱን፥ ቀለሙ አለመፋቁን፥ ጠመንጃውና የሚነቀሉት እጆቹ አለመጥፋታቸውን፥ ካርቶኑም መኖሩን ነው።

የወዳጃችን ግን ካርቶን የለውም፤ አንድ እጁም ጠፍቷል። ስለዚህ፦ «ለሰብሳቢ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ለልጁ ይሰጠው» ብለን ፈረድን።

ሣጥኑም ተከፈተ። የጭቃ በሬ መሥራት የለመደው ልጅ የጎደለውን እጅ በማግሥቱ ከጭቃ አበጅቶለት አገኘነው። ወላጆችም ሳይመረምሩ እንዳይቈልፉ እንመክራለን።