አንግስትሮም፦ ከብርሃን ወደ አቶም የተሻገረ መለኪያ

አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ የሆነ የርዝመት መለኪያ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮን ቦታ እኩል ቢከፈል አንዱ ክፋይ አንድ አንግስትሮም ይሆናል። ምልክቱ አናቱ ላይ ትንሽ ክብ ያለበት የላቲን ፊደል ነው።

ስሙ የተወሰደው በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩት ስዊድናዊ የፊዚክስ ሊቅ ከአንደርስ ዮናስ አንግስትሮም (1814–1874 እ.ኤ.አ.) ነው። እሳቸው ግን ይለኩ የነበረው አቶምን ሳይሆን ብርሃንን ነው። የፀሐይ ብርሃን ወደ ቀለማቱ ሲበተን በመካከሉ ብዙ ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ፤ አብዛኞቹ በፀሐይ ዙሪያ ያሉ ንጥረ ነገሮች ብርሃኑን ስለሚውጡት የሚፈጠሩ ናቸው። ሊቁ በ1868 ከሺህ የሚበልጡ መስመሮችን የሞገድ ርዝመት ለክተው ሲያሳትሙ የሚሊ ሜትርን አሥር ሚሊዮንኛ መስፈሪያ አደረጉ። የሚታየው ብርሃን ከ4000 እስከ 7000 አንግስትሮም ገደማ ስለሆነ ቁጥሮቹ ለአጻጻፍ ተመቹ።

ችግሩ ለልኬታቸው ማመሳከሪያ ያደረጉት የሜትር ዘንግ ላይ ነበር። ጥቂት ስህተት ስለነበረበት ልኬቶቹ ሁሉ አብረው ተዛቡ፤ የታረሙትም ከሞቱ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ዘንግን ማመን ቀረና በ1907 የካድሚየም ቀይ መስመር የሞገድ ርዝመት 6438.4696 አንግስትሮም እንዲሆን ተወሰነ። ብርሃን የሚለካበት መስፈሪያ ራሱ በብርሃን ተበየነ ማለት ነው። በ1960 ሜትርም በክሪፕተን ብርሃን ሲበየን የተለየ ብያኔ አላስፈለገም፤ አንግስትሮም በትክክል የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ሆነ።

መለኪያው ይበልጥ የገነነው ግን በአቶሞች ዘንድ ነው። የሃይድሮጅን አቶም ስፋት 1 አንግስትሮም ያህል ነው። በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በ0.96፣ በአልማዝ ውስጥ ጎረቤታሞቹ ካርቦኖች በ1.54፣ በገበታ ጨው ውስጥ ሶዲየምና ክሎሪን በ2.82 አንግስትሮም ይራራቃሉ። ከመዳብ የሚመነጨው ኤክስሬይም 1.54 አንግስትሮም የሞገድ ርዝመት አለው፤ ኤክስሬይ የክሪስታልን ውስጣዊ አደረጃጀት ሊገልጥ የቻለው ሞገዱ ከአቶሞቹ ርቀት ጋር ስለሚቀራረብ ነው። የፕሮቲን ምስል ጥራትም በዚሁ ይነገራል፦ በ4 አንግስትሮም የሰንሰለቱ አካሄድ ብቻ ይለያል፤ ወደ 1 ሲጠጋ እያንዳንዱ አቶም ለብቻው ይታያል።

አንግስትሮም የዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት አሃድ አይደለም፤ በምትኩ ናኖ ሜትር ወይም ፒኮ ሜትር እንዲጻፍ ይመከራል። የክሪስታልና የፕሮቲን ተመራማሪዎች ግን እስካሁን የሚጽፉት በአንግስትሮም ነው።