ሰምና ወርቅ በአንጥረኛ ቤት

«ሰምና ወርቅ» የሚለውን ሐረግ ከቅኔ ትምህርት ጋር ታውቁታላችሁ። ላይ ላዩን የሚታየው ትርጉም ሰም፣ ውስጥ ለውስጥ የተሰወረው ምሥጢር ወርቅ ይባላል። ነገር ግን ሐረጉ መነሻው የአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ በመጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት አቅልጦ ያወጣዋል፤ ባዶ በቀረው ሥፍራም ወርቅ ያፈስስበታል። ጭቃው ሲሰበር ሰም የነበረው ወርቅ ሆኖ ይገኛል። ስለ ቃሉ ከተነሣ፣ «ሰሙ» ብላችሁ ጻፉና ተመልከቱት፤ «ሙ» ላልቶ ሲነበብ የታወቀ ሰም ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን መስማትን የሚገልጽ ግሥ ይሆናል።

የወለጋ ምድር ለዚህ ጥበብ የሚያስፈልገውን ሁለቱንም ይሰጣል። የለቃ ነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ለዐፄ ምኒልክ ይገብሩ ከነበረው አንዱ ወርቅ ነበር። ሰሙ ደግሞ ከዚያ ይቀርባል። በአርጆ ጠጅ ከሚጠመቅበት ቤት ብትገቡ ከጋኑ አፍ ላይ የተለቀመ ሰፈፍ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው እንደ አተላ ይቈጥረዋል፤ ለጌጥ ሠሪ ግን ትልቅ ሀብት ነው። ሰፈፉን በፈላ ውሃ ውስጥ አቅልጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ ብትጨምቁት፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል።

የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሆነ፣ ለብ ያለ ውሃና የእጅ ሙቀት ያለሰልሱታል። ስለዚህ ቀረጻውን በቤታችሁ ልትማሩት ትችላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ መርፌ፣ ስለታም ቢላዋና በውሃ የራሰ ለስላሳ ጣውላ ነው። ሰሙን በጣውላው ላይ እያንከባለላችሁ እንደ ክር አቅጥኑት፤ ክሩን ጠምዝዛችሁ ወይም ጎንጉናችሁ ቀለበት፣ የጆሮ ጉትቻ ወይም የአንገት መስቀል ሥሩ። ሁለት ክሮችን ለማያያዝ የጋለ መርፌ ጫፍ ማስነካት ይበቃል። ሰም ስታቀልጡ ዕቃውን በፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። እሳት ከያዘው ክዳን ድፉበት፤ ውሃ ቢጨመርበት ነበልባሉ ይብሳል።

ቅርጹ ሲያልቅ አንድ ወፍራም የሰም ዘንግ ይቀጠልበታል፤ ኋላ የብረቱ መፍሰሻ ቦይ የሚሆነው ይህ ነው። አየር የሚወጣባቸው ቀጫጭን ዘንጎችም አይዘንጉ። አየሩ መውጫ ካጣ ብረቱ ሁሉን ማዕዘን አይሞላም፤ ጌጡም ጎደሎ ይሆናል።

አሁን ሰሙን መዝኑት። ብር ከሰም 11 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ወርቅ 20 ጊዜ። ከነዘንጉ 2 ግራም የመዘነ የሰም ጉትቻ 22 ግራም ገደማ ብር ይጠይቃል። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ስለሚመዝን አንዱ ይበቃል ማለት ነው። የጥንት አንጥረኞች ጠገራውን እያቀለጡ ጌጥ ይሠሩበት ነበር።

የመጀመሪያው የጭቃ ልባስ በወንፊት የተነፋና የከሰል ዱቄት የተቀላቀለበት ይሁን፤ የመርፌ ጭረት ሳይቀር የሚቀዳው እርሱ ነውና። ከዚያ በላይ ጭድ የገባበት ወፍራም ጭቃ ይደረባል። ማድረቂያው ጥላ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ሰሙ ለስልሶ ቅርጹ ይጠፋል። የብዙ ጀማሪ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ በችኰላ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የእናንተ አይደለም። የደረቀውን ጭቃ ይዛችሁ ወደ አንጥረኛ ሂዱ። ብር በ961፣ ወርቅ በ1064 ዲግሪ ይቀልጣል። በጭቃው ውስጥ ጥቂት እርጥበት ከቀረ፣ ውሃው በቅጽበት ከ1600 እጥፍ በላይ ሰፍቶ እንፋሎት ይሆናል፤ የቀለጠውንም ብረት ወደ ዓይን ይረጫል። ባለሙያው ስለዚህ አፉን ቁልቁል ደፍቶ ሰሙን ካፈሰሰ በኋላ ጭቃውን እስኪቀላ ያግለዋል። ብረቱንም ጭቃው ሳይቀዘቅዝ ያፈስሳል፤ በቀዘቀዘ ጭቃ ውስጥ ብረቱ መንገድ ላይ ይረጋልና።

ወለጋ ውስጥ «ቱምቱ»፣ በሌላውም አገር «ቀጥቃጭ» እየተባለ የተናቀው ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ ዕድሜ በላይ ኖረ። ወናፉ አጠገብ ስትቀመጡ በአክብሮት ጠይቁት፤ የእሳቱን ቀለም አይቶ የብረቱን መቅለጥ እንዴት እንደሚያውቅ ያስረዳችኋል።

ጭቃው ሲሰበር ዘንጎቹ ይቈረጣሉ፤ ጌጡ በሞረድ ይስተካከላል፤ ጥቁረቱ በሎሚ ጭማቂ ተፈልቶ ይለቃል። ሰሙ ቀልጧል፤ ጭቃውም ተሰብሯል። ስለዚህ የጉትቻው ጥንድ እንደገና ከሰም ይጀመራል፤ ከመጀመሪያውም ጋር ፈጽሞ አንድ አይሆንም።