ሆለታ፦ በወተት የምትነቃ ከተማ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሆለታ ገና ጨለማ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ ስለሆነች ጥቅምትና ኅዳር ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አስፋልቱን ትታችሁ ወደ ሰፈር ውስጥ ብትዘልቁ መጀመሪያ የምትሰሙት የበረት በር ሲከፈት ነው። ቀጥሎ የወተት ድምፅ ይመጣል። የመጀመሪያው ወተት የባልዲውን ሥር ሲመታ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፤ ባልዲው እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይወፍርና አረፋው ውስጥ ይሰጥማል። እዚህ ያደገ ልጅ ከአልጋው ሳይነሳ፣ በዚህ ድምፅ ብቻ፣ እናቱ ስንተኛዋን ላም እያለበች እንደሆነ ያውቃል።

ቤቱ ግን የከተማ ቤት ነው። የቆርቆሮ አጥር አለው፣ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፣ ትልቋ ልጅ ፖሊቴክኒክ ትማራለች። ጓሮው ውስጥ ግን ሁለት ሦስት "የፈረንጅ ላም" ታስረዋል። ሕዝቡ እንዲህ ይበላት እንጂ እውነተኛ ፈረንጅ አይደለችም። ብዙ ጊዜ በአባቷ በኩል ከሆላንድ አገር ከተነሳው የፍሪዥያን ዘር፣ በእናቷ በኩል ደግሞ ከቦረና ወይም ከሌላ ያገር ከብት የተወለደች ድቅል ናት። ያገር ላም በቀን ሁለት ሊትር ብትሰጥ ተመስገን ነው፤ ድቅሏ ከተመቻት አሥር ሊትርና ከዚያ በላይ ትታለባለች። ለዚህ ግን ዋጋ ታስከፍላለች። ሣር ብቻ አይበቃትም፤ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና አተላ ትፈልጋለች፣ ብርድና በሽታ ቶሎ ይጥላታል፣ ውሃ በብዛት ትጠጣለች። አንዲት የፈረንጅ ላም ያላት እናት አንድ ተጨማሪ ልጅ አላት ቢባል ማጋነን አይደለም።

አንድ ቀን ማለዳ ከአንዲት የወተት መሰብሰቢያ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት የተላኩ ልጆች ጀሪካናቸውንና የወተት ጣሳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ተረካቢው ወጣት ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ላክቶሜትር ነው፤ ሥሩ ከባድ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ቁጥር የተጻፈበት የመስታወት ዘንግ። ወተት ውስጥ ሲለቁት ይንሳፈፋል፤ ደህና ወተት ከ27 እስከ 32 ባለው ቁጥር ላይ ያቆመዋል። ውሃ የገባበት ወተት ስለሚቀጥን ዘንጉ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ሁለተኛው አልኮል ነው። ወጣቱ ጥቂት ወተት ከእኩል አልኮል ጋር ቀላቅሎ ይነቀንቀዋል። የመርጋት ምልክት ካሳየ፣ ማለትም ቅንጣት ቅንጣት ካለ፣ ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯልና ይመለሳል።

አንዲት ነጠላ የተከናነቡ እናት ተራቸው ደረሰ።

"እማማ፣ የዛሬው ትንሽ ቀጠን አለብኝ" አላቸው።

"ልጄ፣ ትናንት ፉርሽካ አልተገኘም፤ ላሟ ተርባብኝ ነው እንጂ ጠብታ ውሃ አልነካውም።"

ወጣቱ አልመለሰላቸውም፤ ዘንጉን ጣል አደረገና ጎንበስ ብሎ አነበበ። 29። ቀና ብሎ ሳቅ አለላቸውና መዝገቡ ላይ ጻፈ። እማማ ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ባዶ ጀሪካናቸውን አንሥተው ሄዱ። አካሄዳቸው ግን ቀና ያለ ነበር። በሆለታ የአንድ ቤት ስም በዚህ የመስታወት ዘንግ ላይ ይንሳፈፋል።

ከዚያ ወተቱ ጭነት መኪና ላይ ይወጣና ወደ አዲስ አበባ ይነጉዳል። በዚህ መስመር ወተት መሄድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። "ሾላ ወተት" እያልን ያደግንበት የመንግሥት ድርጅት ከዋና ከተማዋ ዙሪያ ወተት ሲሰበስብ የሆለታ መንገድ አንዱ መስመሩ ነበር።

የሆለታን ኑሮ ለማወቅ የፈለገ ሰው ግን ከሁሉ በፊት ጾምን ይጠይቅ። ረቡዕና ዓርብ አዲስ አበባ ወተት አትጠጣም፤ ላም ደግሞ ጾም አታውቅም። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ በየካፌው የማኪያቶ ሽያጭ ይቀንሳል፣ ብዙ ወተት ቤቶች ይዘጋሉ፣ ገዢው እጁን ይሰበስባል። በሆለታ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም ይኖራል፤ የገበያው ጾም ግን ለሁሉም አንድ ነው። ያኔ ቤቱ ሁሉ ናጭ ይሆናል። ዕቃው በወይራ ጭስ ይታጠናል፣ ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ20 ሊትር ያላነሰ ወተት ይፈጃል። የፋሲካ ሰሞን ቅቤ ለምን ተወደደ ብሎ የሚያማርር የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሒሳብ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአስኮ ተነሥታችሁ ቡራዩን አልፋችሁ፣ የገፈርሳን ግድብ፣ ታጠቅንና መናገሻን ጥላችሁ ትደርሳላችሁ። ዙሪያዋን የወልመራ ወረዳ ከብቧታል፤ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ መስማት የየዕለቱ ነው። የሆለታ ወንዝ አቋርጧት ወደ አዋሽ ይወርዳል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 25 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት፤ ዛሬ ግን የኮንክሪት ምሰሶ ያልቆመበት ሰፈር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ወደ አምቦና ወደ ወለጋ የሚያልፈው መንገደኛ የሚያውቃት ሻይ ለመጠጣት በሚቆምባቸው ሃያ ደቂቃዎች ነው። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያው ነበርኩ።

አሮጌው ስሟ ገነት ነው፤ ብዙ ሰው እስካሁን "ሆለታ ገነት" ይላታል። አፄ ምኒልክ እዚህ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። በአዲስ አበባ ማገዶ በጠፋበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻ ከተማቸውን ከሆለታ አልፎ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር፤ ወደዚያ ያስጠረጉት መንገድም በሀገሪቱ ከቀደሙት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ባሕር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባ ባለችበት ቀረች። ሆለታ የዋና ከተማ ጎዳና ልትሆን ጥቂት ቀርቷት ነበር ማለት ነው።

ቤተ መንግሥቱ ግን ሌላ ሥራ ጠበቀው። በ1927 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች አስመጥተው የገነት ጦር ትምህርት ቤትን እዚሁ ከፈቱ። ዕጩ መኮንኖቹ ጢማቸው በቅጡ ያልወጣ ወጣቶች ነበሩ። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጣልያን ደረሰ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማ በር ላይ ሊያግዱት ዘመቱ። ከተማዋ ከተያዘች በኋላም ወደ ነቀምት የሄዱት እጃቸውን አልሰጡም፤ በዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ሊቀመንበርነት የተቋቋመው የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር የጀርባ አጥንት ሆኑ። ሰኔ 1928 ዓ.ም ቦናያ ላይ የጣልያን አውሮፕላኖች በተቃጠሉበት ሌሊት የሆለታ ልጆች እዚያ ነበሩ። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የሚከብደኝ ዕድሜያቸው ነው። አሁን ጀሪካን ተሸክመው ወደ መሰብሰቢያው ከሚሄዱት ጎረምሶች ብዙም አይበልጡም ነበር።

ከነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቱ ዳግም ተከፈተ። ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ከ1927ቱ የመጀመሪያ ዕጩዎች አንዱ ነበሩ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም መኮንን ሆነው የወጡት ከዚሁ ነው። የሐረር ጦር አካዳሚ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጡ ወጣቶችን ለሦስት ዓመት ሲያስተምር፣ ሆለታ ከተራ ወታደርነት የተነሡትን በአጭር ጊዜ ያሠለጥን ነበር። ይህ ልዩነት በኋላ የሀገሪቱን ፖለቲካ ነክቷል። ለከተማዋ ግን ትርጉሙ ቀለል ያለ ነው፤ ለትውልዶች የጥሩምባ ድምፅ የሰፈር ሰዓት ሆኖ ኖሯል።

ሦስተኛው የሆለታ ጌጥ የእርሻ ምርምሩ ነው። የኢትዮጵያ የእርሻ ምርምር ተቋም በ1958 ዓ.ም ሲመሠረት ሆለታ ከዋነኞቹ ጣቢያዎቹ አንዷ ሆነች። በጓሮ የታሰረችው ድቅል ላም ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቦረናን ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር እያዳቀሉ የትኛው ደም ለደጋችን እንደሚስማማ ለዓመታት የተጠናው እዚህ ነው። ዛሬ ላም የድራት ምልክት ስታሳይ ባለቤቱ ወደ አዳቃይ ባለሙያ ይደውላል። ጠዋት ከደራች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከደራች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ባለሙያው የኮርማውን ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይዞ በሞተር ሳይክል ይደርሳል። ያ ሰዓት ካለፈ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው፤ ሦስት ሳምንት ደግሞ ያለ ወተት ቀለብ መስጠት ነው። ስለዚህ በሆለታ የአዳቃዩን ስልክ ቁጥር በቃሉ የማያውቅ የከብት ባለቤት ማግኘት ይከብዳል።

የንብ ምርምር ማዕከልም እዚሁ አለ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ድንቹ ነው። በደጋው በክረምት ድንች መዝራት ዋግ የሚባለው በሽታ ቅጠሉን በቀናት ውስጥ ስለሚያጠቁረው ለገበሬ ቁማር ነበር። ከሆለታ የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ይህን ቁማር አቃለውታል። ከዝርያው እኩል ትልቁ ሥራ የዘር ማስቀመጫው ይመስለኛል። ቀድሞ ዘሩ ጨለማ ጎተራ ውስጥ ይቀመጥና ረጅም፣ ነጭ፣ ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ ያወጣ ነበር። ምርምሩ ያስተዋወቀው መጋዘን ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ፣ ግድግዳው ብርሃንና ነፋስ የሚያሳልፍ መደርደሪያ ነው። እዚያ ውስጥ ድንቹ ይለመልማል፣ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል፣ ዘሩም ለወራት ይቆያል። ሲሚንቶ የለው፣ ማሽን የለው። በወልመራና በጀልዱ ወረዳዎች ስንቱን ቤት እንዳቃና ያየ ያውቀዋል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከተማዋ ሌላ ናት። ባጃጆች ይንጫጫሉ፣ የፈረስ ጋሪው ፉርሽካና ጭድ ጭኖ በመካከላቸው ይሄዳል። ሰርቪሶች የአበባ እርሻና የሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኞችን ይሰበስባሉ። የሐበሻ ሲሚንቶ ፋብሪካ በዚህ አካባቢ በ2009 ዓ.ም ተመርቋል። የአበባ እርሻዎቹ ጽጌረዳ ይህን ደጋ የሚወደው ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ በቀስታ ያድጋል፣ ራሱም ይተልቃል። የሚቆርጡት በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ማታ ሲመለሱ የእናታቸው ላም ትጠብቃቸዋለች።

አዲስ አበባ ግን እየቀረበች ነው። የዋና ከተማዋንና የዙሪያዋን ከተሞች በአንድ ለማጣመር የወጣው ማስተር ፕላን ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም ተሠርዟል። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ውስጥ ሲጠቃለሉ ሆለታ ከእርሱ ውጭ ቀረች። የመሬት ዋጋ ግን የአስተዳደር ወሰን አይጠይቅም። ከብት ይሰማራበት የነበረው መስክ በየዓመቱ ወደ ቤት መሥሪያነት ይለወጣል፤ ሣር በጋሪ እየተገዛ ይመጣል፤ ፉርሽካው ይወደዳል። በረት ከመኖሪያ ቤት ጋር ሲጠጋጋ ደግሞ እበቱና ሽታው የጎረቤት ጭቅጭቅ ያስነሣል። ብዙ እናቶች ሦስት ላማቸውን ወደ አንድ ዝቅ ያደረጉት ወተት ጠልተው አይደለም።

አንድ ሺህ ሊትር ወተት ከሩቅ ማምጣትና ከ40 ኪሎ ሜትር ማምጣት አንድ አይደለም፤ በመንገድ የሚበላሸውም፣ የሚወጣበት ነዳጅም ይለያያል። ሆለታ ላይ ላሙም አለ፣ አዳቃዩም አለ፣ ምርምሩም አለ፣ ከልጅነቷ ያለበች እናትም አለች። እንዲህ ያለውን ነገር ሌላ ቦታ እንደ አዲስ እንሥራ ብንል ስንት ዓመት ይፈጅብናል?

የሆለታን ካርታ የምትነድፉ ባለሙያዎች፣ መንገዱንና ኮንዶሚኒየሙን ስትሥሉ ለሣርና ለበረት የሚሆን ቦታም ምልክት አድርጉበት። ከተሠራ ቤት ሥር መስክ አይመለስምና እርሳሱ በእጃችሁ ሳለ አድርጉት። አንባቢም በአምቦ መንገድ ስታልፉ ሆለታ ላይ ውረዱ፤ ማልዳችሁ ግን ድረሱ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ወተቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል።