መምህር የሚያድግበትን ደጅ ስለ መምረጥ

መምህርነት ከሥራዎች ሁሉ የከበረ መሆኑን የማይመሰክር የለም። ነገር ግን ክብሩን በቃል መመስከር ሌላ፤ መምህሩ በሙያው እያደገ እስከ ሽምግልናው የሚጸናበትን ሥፍራ ማግኘት ሌላ ነው። አንድ ወጣት ከመምህራን ኮሌጅ ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ በወጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ደመወዙ ስንት እንደ ሆነና ሥፍራው ከከተማ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። ይህን በመጠየቁ አይነቀፍም፤ ሰው ያለ ምግብና ያለ ልብስ አይኖርምና። ዳሩ ግን ከሁለቱ የሚበልጥ ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በዚህ ደጅ ዐሥር ዓመት ባስተምር ምን ዓይነት መምህር ሆኜ እገኛለሁ?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ከዋድላው ጋር ስማቸው ከጥንት ጀምሮ ሲጠራ የኖረው በሀብታቸው ብዛት አይደለም፤ በመምህሮቻቸው ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ አገር ለአገር በሚዞርበት ጊዜ የሚያጠያይቀው ቀለቡ የት እንደሚበዛ ሳይሆን በየትኛው ወንበር ላይ ማን እንዳለ ነው። ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም ይወርዳል፤ ድጓ የፈለገ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተምረው፣ በአዲስ አበባም ዘመናዊውን ትምህርት ጨምረው፣ በኋላ መምህር፣ የትምህርት ሚኒስትርና ስመ ጥር ደራሲ ለመሆን የበቁት ከደጅ ወደ ደጅ በዕውቀት ምክንያት ስለ ተሻገሩ ነው።

በቅኔው ጉባኤ ውስጥ መማርና ማስተማር ተለያይተው አያውቁም። ቅኔ መቍጠር የጀመረው ልጅ ከየኔታ ፊት ከመቅረቡ አስቀድሞ ከገፋው ጓደኛው ዘንድ ይለማመዳል፤ የገፋውም ታናሹን በማስነገር የራሱን ዕውቀት ያጸናል፤ የበቃው ደግሞ አስመስክሮና ተመርቆ በሌላ ሥፍራ ወንበር ይዘረጋል። እንግዲህ የዛሬው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርም የሚሠራበትን ደጅ ሲመርጥ ከዚህ ሥርዓት ሦስት ምልክቶችን ሊማር ይችላል።

የመጀመሪያው ምልክት በዚያ ሥፍራ ከእርሱ የሚበልጥና ዕውቀቱን የማይሰስት ሰው መገኘቱ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. በወጣው የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መምሪያ ጀማሪ መምህር በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በአማካሪ መምህር እየተመራ ከሥራው ጋር እንዲተዋወቅ፤ ነባሩም መምህር በየዓመቱ 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ተደንግጓል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ነገር ግን በአንዱ ትምህርት ቤት በሥራ ሲፈጸም፣ በሌላው በመዝገብ ላይ ብቻ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አዲሱ መምህር ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ባለፈው ዓመት የተቀጠረውን ጓደኛውን ፈልጎ፣ አማካሪው ማን እንደ ነበረ፣ ስንት ጊዜም ክፍሉ ገብቶ እንዳየለትና ምን እንዳረመው ቢጠይቅ እውነቱን ያገኘዋል። በጃፓን አገር መምህራን አንዱ የአንዱን ትምህርት በክፍል ተገኝተው እየተመለከቱ፣ በኋላም ተቀምጠው ስለ ትምህርቱ እየተመካከሩ ሙያቸውን ማሻሻላቸው ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ሆኗል። ለቅኔ ተማሪ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የነገረው ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ሲመረመርና ሲታረም ኖሯልና።

ሁለተኛው ምልክት መምህሩ ራሱ ለመማር ጊዜና መንገድ ማግኘቱ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተስማምተው በባሕር ዳር የመምህራን አካዳሚ አቋቋሙ፤ ይህም አካዳሚ በ2000 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በፍኖተ ሰላም ከተማም የመምህራን ኮሌጅ አለ። በቡሬ ወይም በጃቢ ጠህናን ገጠር የሚያስተምር መምህር እንግዲህ የትምህርት ደጅ ፈጽሞ አልራቀበትም፤ የሚያስቸግረው ክረምቱን ለትምህርት የሚለቅለትና በስሙ ደብዳቤ የሚጽፍለት አለቃ ማግኘት ነው። ከዚህም በቀር ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ተሳስረው ከማዕከሉ መጻሕፍትና ምክር የሚያገኙ ከሆነ፣ ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት መምህሩ ማንም ለማንም ከማይጨነቅበት ታላቅ የከተማ ትምህርት ቤት ልትበልጥ ትችላለች።

ሦስተኛው ምልክት የድካሙ ዋጋ በሚገባ የሚቈጠር መሆኑ ነው። በመንግሥት ሥርዓት መምህሩ ከጀማሪነት ወደ መለስተኛ መምህር፣ ወደ መምህር፣ ወደ ከፍተኛ መምህር፣ ወደ ተባባሪ መሪ መምህርና ወደ መሪ መምህር በየደረጃው እንዲያድግ መሰላል ተሠርቶለታል። መሰላል ግን የሚያወጣው እርከኑ ሳይጎድል ሲቀር ነው። የሥራ ውጤቱ በጊዜው ካልተሞላ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ማስረጃ በፋይሉ ካልገባ፣ መምህሩ ዐሥር ዓመት ደክሞ የአምስት ዓመት ሰው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ደመወዙ በጥቂት ብር የሚበልጥ ሥራ ባገኘ ጊዜ ቶሎ ብሎ አይነሣ፤ በዚያ ሥፍራ ዘመኑ እንዴት እንደሚቈጠርለትና በሚለቅበት ጊዜ ምን ማስረጃ ይዞ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይመርምር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ተብሏልና።

ከሦስቱም በፊት ግን የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሰላም ነው። ፍኖተ ሰላም በስሟ የሰላም ጎዳና ናት፤ ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ መምህራንም ከሥራቸው ተለይተዋል። ደጁ በተዘጋበት ሥፍራ ደጅ ምረጥ ማለት ከንቱ ነው። በዚህ ጊዜ ሌላ ሥፍራ የሄደውን መምህር አገሩን ከዳ ብሎ መንቀፍ አይገባም፤ ተመልሶ የሚገባበትን ደጅ ማደስ ግን የሁሉም ዕዳ ነው።

ይህም ነገር የመምህሩ ብቻ ምርጫ ሆኖ እንዳይቀር ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል። መምህሩ በዕጣ ወይም በምደባ በተላከበት ሥፍራ መርጦ የሄደ ያህል ደስ ብሎት እንዲቀመጥ ማድረግ በእነርሱ እጅ ነው። ከማስተማር ሰዓቱ ላይ ወስደው ለሌላ ጉዳይ ባይልኩት፣ ለመኖሪያው አንድ ክፍል ቤት ቢያስቡለት፣ የደረጃ ዕድገቱን በጊዜው ቢፈጽሙለት፣ የሚከፍሉት ዋጋ ሰው በየዓመቱ ከመለወጥ እጅግ ያነሰ ነው። ካህናትም የአብነቱን ትምህርት ቤት ሥርዓት የሚያውቁ ስለ ሆኑ፣ ለመንደራቸው መምህር የኔታ የሚገባውን ክብር ቢሰጡት ሕዝቡ እነርሱን አይቶ ያከብረዋል።

የሆነ ሆኖ ፍጹም የሆነ ሥፍራ በምድር ላይ አይገኝም። መምህሩ ከሦስቱ ምልክቶች ሁለቱን ካገኘ ሦስተኛውን በትዕግሥት ይጠብቅ፤ አንዱንም ካላገኘ የዓመቱን ትምህርት ፈጽሞ፣ ልጆቹን በመካከል ሳይጥል፣ እንደ ቅኔ ተማሪ ተሰናብቶና ተመርቆ ይሂድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ መምህርም እንዲሁ ነው። ነገር ግን እንቁላሉ የሚፈለፈለው ሙቀት ባለበት ጎጆ እንጂ በሜዳ ላይ አይደለምና፣ ጎጆውን መምረጥ የመምህሩ፤ ማሞቅ ደግሞ የባለ ሥልጣኑና የአገሬው ሥራ ነው።