ምጣዱስ ተገዛ፤ ሽቦው ይችለዋል ወይ?

አዲስ ጎጆ የወጣችሁ የነገሌ ቦረናና የሞያሌ ወጣቶች፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝታችሁ ከጭስ መገላገላችሁ ደግ ነው። ግን እስቲ ሶኬቱ ላይ ከመሰካታችሁ በፊት አንዴ ቆም በሉ።

የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር መሆኑ ነው። የብዙ ቤት ሽቦ ደግሞ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ነው። በዚያው መስመር ላይ ስቶቭ ከተጨመረማ አለቀ! በቆላ ሙቀት፣ በጋለ ቆርቆሮ ሥር ያለፈ ሽቦ የመሸከም አቅሙ ይብሱን ይቀንሳል።

ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ሲወርድ ታዲያ «ትልቅ ቀይሩበት» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ኧረ ተዉ! ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። እሱ አልወርድም ሲል ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ የጭቃ ቤቱም እንጨት ይያያዛል።

ለምጣዱ ብቻ ከቆጣሪው አጠገብ የሚነሳ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦና የራሱ 20 አምፔር ብሬከር ይኑረው። ግራውንድ የሚባለውን፣ ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ ደግሞ አትናቁት፤ ምጣዱ በእርጥብ እጅ የሚነካ ነገር ነው። ሥራውን ለባለሙያ ስጡ። ዋናውን ማጥፊያ ሳያወርድ ሽቦ መቁረጥ ከጀመረ ግን እዚያው አስቁሙት።